ጣናን ለማየት ስንት ማኪያቶ መጠጣት አለብን?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን በመዝናኛ ገጻችሁ ላይ የደከመ አእምሮን ስለማደስ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሱቄ ተቀምጬ፣ መርፌ ላይ ክር እየሰካሁ አነበብኩት። ምክሩ ደግ ነው። ቦታ ቀይሩ፣ ሥራችሁን ለጥቂት ቀን እርሱት፣ ብቻችሁን ሳይሆን ከወዳጅ ጋር ሂዱ ይላል። ለማረፊያ የተጠቆሙት ቦታዎች ግን ሁሉም የመዋኛ ገንዳ ያላቸው ናቸው። እኔ ጥልፍ ሠሪ ነኝ። ለአንድ ሌሊት አልጋ ስንት ቀሚስ መጥለፍ እንዳለብኝ በጣቴ ቆጠርኩና ጋዜጣውን አጥፌ ወደ መኪናዬ ተመለስኩ። መኪና ስል የስፌቱን ነው።

ጽሑፉ የዘለለውን ልጨምርበት ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት። በአነስተኛ ገንዘብም መታደስ ይቻላል፤ እዚሁ ባሕር ዳር፣ እዚሁ ጣና ላይ። መንገዱን የሚነግር ሰው ግን የለም፤ ዳርቻው ላይም የሚጠጣ ሳያዝዙ የሚቀመጡበት ቦታ እያነሰ ሄዷል።

አስቀድሜ ስለ ድካሙ ልናገር። የእጅ ሥራ የማይሠራ ሰው «እናንተ ደግሞ ምን አእምሮ ያደክማችኋል?» ሊል ይችላል። የእኛ ሥራ ወቅት አለው። ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስቀል እንቅልፍ የለም፤ ትንሽ ተንፈስ ሳንል ገና፣ ጥምቀት፣ የጥር ሠርግ፣ ፋሲካ ይከታተላሉ። ድሮ ደንበኛ ጨርቋን አምጥታ «አንቺ ያማረሽን አድርጊበት» ትል ነበር። አሁን ስልኳን ትዘረጋለች። «ልክ እንደዚህ፤ እንዳትቀይሪው።» ያንኑ ፎቶ በሳምንቱ ሌላዋ ይዛ ትመጣለች። ከአንገት እስከ እግር የሚወርደውን ያንን መስቀል በስንት ቀሚስ ላይ እንዳወረድኩት እግዜር ይወቀው። አልከፋኝም፣ እንጀራዬ ነው። ነገር ግን ባለፈው መስከረም አንዲት የቆየች ደንበኛዬ መነን ይዛ መጥታ «እንደ ድሮሽ የራስሽን ሥሪልኝ» ስትለኝ እርሳስ ይዤ ተቀመጥኩ። ብሥለውም ብሰርዘውም የሚወጣው ያው የስልኩ መስቀል ሆነ። ያን ቀን ደነገጥኩ።

ጎረቤቴ ሹሩባ ሠሪ ናት። ሱቆቻችንን የሚለየው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ነው። ነገሩን ስነግራት የያዘችውን ፀጉር ሳትለቅ «እኔማ ዓይኔን ጨፍኜ እሠራለሁ፤ እሱ ነው የሰለቸኝ» አለችኝ። ጥቅምት ገባ፣ ገበያው ቀዘቀዘ። እሷ በእናቷ የዘጌ ሰው ናት፤ አክስቷም እዚያው ይኖራሉ። እንሂድ ተባባልን።

ሕግም አወጣን። ስለ ደንበኛ ማውራት የለም፤ በተለይ አሠርታ ስላልከፈለች ደንበኛ። ስልክ ለእናትና ለልጅ ካልሆነ አይነሣም። ወጪያችን ለሁለታችን ተደምሮ ከአንድ ተራ ቀሚስ የእጅ ዋጋ አይበልጥም። ከጓደኛ ጋር መሄድ ገንዘብ ያካፍላል፤ ያ ለሁሉም ግልጽ ነው። ሴት ልጅ ብቻዋን ስትጓዝም «ከማን ጋር ነሽ?» የሚላት አይጠፋም፣ ከዚያ ይገላግላል። እኔ ግን ከሁሉ የምመክረው ሙያው ከእናንተ የተለየ ጓደኛ ይዛችሁ እንድትሄዱ ነው። ሁለት ጥልፍ ሠሪዎች ብንሆን ኖሮ ስለ ክር መወደድ አውርተን እንመለስ ነበር።

ወደቡ ላይ አንድ ደላላ ተቀበለን። የጠራው ዋጋ የሠርግ ቀሚስ ያስጠልፋል። «ለጀልባው ነው፤ አሥርም ሁኑ ሁለት ለውጥ የለውም» አለ። አልዋሸም። የኪራይ ጀልባ የሚከፈለው በሰው ሳይሆን በጀልባ ነው፤ ተሰብስቦ ለመጣ ቤተሰብ ይረክሳል፣ ለሁለት ሰው እሳት ነው። የውጭ አገር እንግዳ ከቀረ ወዲህ ጀልባዎቹ ታስረው ስለሚውሉ ባለጀልባዎቹ ያገኙትን ሰው ቢያጣብቁ አይፈረድባቸውም። እኛ የምንፈልገው ግን የሕዝቡን ጀልባ ነበር፤ የዘጌ ሰው ለገበያና ለሐኪም ቤት የሚመላለስበትን፣ በነፍስ ወከፍ የሚከፈልበትን። ጧት ነው የሚነሣው። ጓደኛዬ አገሩን ስለምታውቅ ቀጥታ ይዛኝ ሄደች። ሰዓቱንና ታሪፉን የሚናገር አንድ ሰሌዳ ግን ዓይኔ አላየም። ከአዲስ አበባ ወይም ከደሴ የሚመጣ፣ ደሞዙን አብቃቅቶ የሚኖር መምህር ይህን ጀልባ በምን ያውቀዋል? ደላላው የነገረውን ይሰማና «ጣና የሀብታም ነው» ብሎ ይመለሳል። በነገራችን ላይ ዘጌ በመኪናም ይደረሳል። መንገዱ አቧራ ቢሆንም ዋጋው አይጎዳም፤ ሐይቁን ግን አያሳይም።

ጧት ላይ ጣና ዘይት ነው፤ አይንቀሳቀስም። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣና ሌላ ሐይቅ ይሆናል፤ ስለዚህ ጉዞ በጧት ነው። ነጂው ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር እንደሚበልጥ፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታ ግን 15 ሜትር ገደማ ብቻ መሆኑን ሲነግረን ጓደኛዬ አላመነችውም። በጥቅምት ሐይቁ ጢም ብሎ ይሞላል፤ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ክረምቱን ሙሉ ሲያመጡለት የከረሙትን ይዞ። በክብራን ገብርኤል በኩል ስናልፍ፣ ያው ለሴት የተፈቀደ ገዳም አይደለምና፣ ጓደኛዬ በሩቁ ተሳልማ «እንግዲህ የዚህኛው መግቢያ ተረፈልን» አለች።

አፋፍ ላይ ወረድን። አፋፍ የዘጌ ከተማ ናት። ለአክስትየው የያዝንላቸው ስኳር፣ ሳሙናና የከተማ ዳቦ ነው፤ የአልጋ ሒሳባችን ይኸው ነበር። እሳቸው የጽጌን ጾም ስለሚጾሙ ሽሯቸውን አቅርበው ለእኛ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ጠበሱልን። «በጥቅምት አንድ አጥንት ይባላል፤ ይኸው፣ ዓሣም አጥንት አለው» ብለው ሳቁብን።

ዘጌ ላይ በሬ አይጠመድም። የአገሩ ሰው ሲናገር፣ አቡነ በትረ ማርያም ቡናውንና ጌሾውን በጸሎት ከተቀበሉ ጀምሮ ሳይታረስ በእሱ እንዲኖር ታዝዟል። ምክንያቱ ይህ ይሁን ሌላ፣ ደኑ ዛሬም አለ። ቡናው ከትልልቁ ዛፍ ጥላ ሥር ነው፤ እኛ ስንደርስ ፍሬው ገና መቅላት ጀምሮ ነበር። በዚያ ጥላ ሥር ስንሄድ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዬ ወረደ። ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ የሚያጎነብስ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል።

በማግሥቱ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሄድን። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፤ የመቅደሱ ግድግዳ በዙሪያው ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ይህን ባሕር ዳር የኖረ ሁሉ ያውቃል። እኔም በተማሪነቴ ሄጃለሁ። ያኔ ያየሁት ቅዱስ ጊዮርጊስን፣ ፈረሱንና ዘንዶውን ነበር። አሁን ያየሁት ልብስ ነው።

የሚያስጎበኙን አባት ሥዕሉ በቀጥታ ግድግዳው ላይ እንዳልተሣለ ነገሩን። ሠዓሊዎቹ በጥጥ ጨርቅ ላይ ሥለው ጨርቁን በጭቃው ግድግዳ ላይ ይለጥፉታል። ቀለሙ ከተላጠበት ጠርዝ ጠጋ ብዬ ብመለከት እውነትም ድሩና ማጉ ይታያል። ድርና ማግ! በየቀኑ ጉልበቴ ላይ የማሳድረው ነገር። ከዚያ በኋላ ከግድግዳው የሚያላቅቀኝ ጠፋ። የቅዱሳኑ ካባ አንዱ ከአንዱ አይመሳሰልም። የአንዱ አበባ ባለአምስት ቅጠል ነው፤ የሌላው ነጠብጣብ ብቻ። የአንዱ ጠርዝ በሦስት መስመር ተከቦ መካከለኛው መስመር በየመሀሉ ይቆራረጣል፤ በተቆረጠበት ቦታ ሁሉ ትንሽ ነጥብ አለች። ሠዓሊው አልቸኮለም። ከጉልበት በታች፣ ብርሃን እንደልብ በማይደርስበት ቦታ ያለውን የልብስ ጫፍ እንኳ ዘርፍ አውጥቶለታል። ማን ያየኛል አላለም። እኔ ደንበኛ አያየውም ብዬ የቀሚስ ጀርባ ላይ ያሳጠርኩት ጥልፍ ትዝ አለኝና ዝም አልኩ።

«አባታችን፣ በእርሳስ ብንሥለው ይፈቀዳል?» አልኳቸው።

«በእጅማ ሣዪ ልጄ። እኛ የምንከለክለው መብራት የሚያበራውን ፎቶ ነው።»

ጓደኛዬ ልብስ የሚባል ነገር አላየችም። እሷ የመላእክቱ ጎፈሬ ላይ ናት። ቆይታ ከአንዱ ሥዕል ግርጌ የቆሙትን ሴቶች እያሳየችኝ «ሥንጥቁን ተመልከቺው፤ ከግንባር ሳይሆን ከጆሮ ነው የሚነሣው» አለችኝ። ጣቷን በአየር ላይ እያንቀሳቀሰች ትሠራው ጀመር። እኔ በሥዕል ላይ ያለ ሰው ሹሩባ እንዳለው እስከዚያች ቀን አስተውዬ አላውቅም ነበር። እሷም የካባውን ጠርዝ ባላሳያት ኖሮ አታየውም። አባ ደግሞ ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች በጎን በአንድ ዓይን እንደሚሣሉ ሲያስረዱን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ያቺ የጥምቀቱን ያልከፈለችሽ ሴትዮ በየትኛው ትሣል?» አለች። ሕጋችን የፈረሰው እዚያ ላይ ነው።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ስለተነሣ ዳር ተቀምጠን አንድ አዛውንት ታንኳ ሲያስሩ ስናይ ዋልን። የታንኳ ሙያ ከጥንት የነገደ ወይጦ ነው፤ ዛሬ ሌላውም ይሠራዋል። ደንገሉ ታጭዶ ይደርቃል፣ በነዶ በነዶ ይከፈላል፣ ከዚያ ነዶው ከነዶ ጋር ይታሰራል። ወገቡ ይወፍራል፣ አፍንጫው እየቀጠነ ወደ ላይ ይቃናል። ገመዱ በየስንዝሩ ይጠመጠማል፤ እያንዳንዱ ጥምጥም የፊተኛውን ጫፍ ረግጦ ስለሚያልፍ ቋጠሮው ከላይ አይታይም። እኔ የማየው እሱን ብቻ ነበር። ታንኳ ዕድሜ የላትም። ውሃ እየጠጣች ትከብዳለች፣ በየጊዜው ወጥታ ፀሐይ ካልሞቀች ቶሎ ትበሰብሳለች፤ ብትጠበቅም ጥቂት ወራት ብታገለግል ነው። «አንድ ዓይነት ነገር ሁልጊዜ ማሰር አይታክትዎትም አባቴ?» ብላቸው ቀና ብለው አዩኝና «ደንገሉ መቼ አንድ ዓይነት ሆኖ ይበቅላል?» አሉኝ።

ከዚያ ጥምጥም አንድ የጥልፍ መስመር ወጣልኝ። ክሩ የፊተኛውን ጫፍ ረግጦ ያልፋል፣ ቋጠሮው ተደብቆ ይቀራል። የደንበኛዬን መነን ጠርዝ በእሱ ሠራሁት፤ ከአንገቱ ሥር ደግሞ በመስቀሉ ፋንታ ያንን ባለሦስት መስመር የካባ ጠርዝ ከነነጥቡ አወረድኩት። ልትወስድ ስትመጣ ገልብጣ ገልብጣ አየችውና «ይሄ ከየትኛው ቻናል ነው?» አለች። ጓደኛዬም ከጆሮ የሚነሣውን ሹሩባ ለሁለት ሙሽሮች ሠርታለች። ስሙን ምን እንደምትለው ገና አልወሰነችም፤ ዋጋውን ግን ጨምራለች።

የወጪያችንን ነገር ከጠየቃችሁኝ፣ ከአንዱ ቀሚስ የእጅ ዋጋ አላለፈም። የጀልባው፣ የገዳሙ መግቢያ፣ ለአክስትየው የያዝነው፣ በመንገድ የቀመስነው ሁሉ ተደምሮ ማለቴ ነው። ዘመድ የሌለው ሰው በዚህ አያድርም ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ እሱ ግን ጧት ሄዶ ከሰዓት ይመለስ። ካልሆነም ደብረ ማርያም አለች፤ ዓባይ ከሐይቁ ከሚወጣበት አጠገብ፣ ለመሻገር ጥቂት ደቂቃ የሚበቃት፣ ሴትም ወንድም የሚገባባት ደሴት። ቤዛዊት ኮረብታ በእግር ይወጣል፤ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ባይገባም ዓባይ ከሐይቁ ሲለይ ከላይ ይታያል፣ ዕድል ካለም ጉማሬ። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትሩ የዓባይ ድልድይም ማታ ማታ የሚንሸራሸርበት ሰው ሞልቶታል፤ ለእሱም የሚጠየቅ ገንዘብ የለም። ሠዓሊም ገጣሚም ልብስ ሰፊም ይህን ሁሉ በእግሩና በባጃጅ ያዳርሰዋል።

አሁን ወደ ርዕሴ ልምጣ። ከዘጌ እንደተመለስን፣ የጀመርኩት ንድፍ ከእጄ ሳይጠፋ ልጨርሰው ብዬ ከተማው ውስጥ ሐይቁ ዳር ቁጭ ማለት ፈለግን። ስሙን የማልጠራው አንድ ቤት ገባን። ማኪያቶ አዘዝን፣ ጠጣን። ብዙም ሳይቆይ አስተናጋጁ መጣ። «ሌላ ምን ልታዘዝ?» ልጁ ታዝዞ ነው፤ ከጀርባው የቆመው ሰውዬ ያየዋል። ደገምን። ሦስተኛው ሲመጣ ጓደኛዬ ልቧ መምታት ጀመረና ንድፌን በግማሽ ይዤ ወጣን። የዘጌውን ጀልባ ሒሳብ ያህል ማኪያቶ ጠጥተን መሆኑን ያወቅነው መንገድ ላይ ነው።

ባለሆቴሎቹ ይነግዱ፤ ቀረጥ ይከፍላሉ፣ ሰው ይቀጥራሉ። የኮሪደር ልማቱም የእግረኛ መንገድ ማስፋቱ ደስ ብሎኛል። ማንጎ ፓርክም ለተማሪውና ለእንደእኔ ያለው ባለውለታ ነው፤ እሑድ ከሰዓት ግን መቀመጫ ቀርቶ መቆሚያም አይገኝበት። መንገድ ለሚራመድ ነው። የሚጽፍ፣ የሚሥል፣ የሚጠልፍ ሰው መቀመጥ አለበት፤ የሚቀመጠው ደግሞ ከዛፍ ጥላ ሥር፣ «ምን ልታዘዝ?» የሚለው ሳይኖር ነው። ባሕር ዳር ዋርካ አላጣችም። ከየዋርካው ሥር አግዳሚ ወንበር ማድረግ የስንት ቀን ሥራ ነው? ድንጋይም ቢሆን አንጠላም። ወደቡ ላይም የሕዝብ ጀልባውን መነሻ ሰዓትና ታሪፍ በትልቁ ጽፎ መለጠፍ አንድ ቆርቆሮና አንድ ቆርቆሮ ጸሐፊ ነው የሚፈልገው፤ ቆርቆሮ ጸሐፊዎቹ የእጅ ሙያ ጓደኞቼ ሥራ ፈትተዋል፣ በርካሽ ይጽፉታል።

«በዚህ የኑሮ ውድነት፣ በዚህ ጊዜ ስለ ሽርሽር ይወራል?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ወንድሜ ራሱ ብሎኛል። እኔ ግን ሒሳቤን በሱቄ በኩል ነው የማየው። ያው የስልኩ መስቀል በየሱቁ ሲጠለፍ ደንበኛ የሚመርጠው በዋጋ ብቻ ነው፤ በዋጋ ውድድር ደግሞ የኮምፒዩተር ጥልፍ ማሽን ያላቸውን አልችላቸውም። የምበላው እነሱ የሌላቸው ነገር ሲኖረኝ ነው። ለእኔ የዘጌ ጉዞ የክር መግዣ ያህል የሥራ ወጪ ነው።

ለዝግጅት ክፍሉ አንድ ነገር ልለምን። የመዝናኛ ገጻችሁ ስለ ማረፊያ ሲጽፍ ከባለገንዳዎቹ ጎን ለጎን የሕዝብ ጀልባውን፣ የሚኒባሱን፣ የገዳም መግቢያውን ዋጋ ራሱ ከፍሎ አይቶ ይጻፍልን፤ ዋጋ ስለሚለዋወጥም በየጊዜው ይታደስ። ሪፖርተራችሁ ባሕር ዳር ከመጣ እኔና ጓደኛዬ ዓሣውን እንጋብዘዋለን። ጀልባውን ግን ራሱ ይክፈል፤ ደላላው ስንት እንደሚጠራበትም ይጻፍልን።

ከአክብሮት ጋር
ጥልፍ ሠሪዋ፣ ከባሕር ዳር
(ስሜ በዝግጅት ክፍሉ ዘንድ ይታወቃል)